የአሽ ዛፍን ስለሚገድለው ጢንዚዛና ስለምታጠቃው ትንሿ ተርብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ ወይም ኮሎራዶ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ይህን ሳታዩ አልቀራችሁም። አሽ (ash) የሚባለው የመንገድ ዳር ትልቅ ዛፍ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል። የከተማው ሠራተኞች መጥተው ግንዱ ላይ ቀለም ይቀባሉ። ብዙም ሳይቆይ ዛፉ ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ይቀራል። አንዳንዶች ደግሞ «መንግሥት ተርብ እየለቀቀ ነው» የሚል ወሬ ሰምታችሁ ትጠይቃላችሁ። ወሬው እውነት ነው። ግን ስለዚች ተርብ የሚወራው ተስፋም ፍርሃትም ከልክ ያለፈ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ቦታ ቦታቸውን ለማስያዝ ይህን ጽፌያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዛፎቹን የሚገድላቸው ምንድን ነው?

ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚባል ጢንዚዛ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አግሪለስ ፕላኒፔኒስ ይባላል። ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው፤ ለዓይን ያምራል።

ክንፍ ያወጣው ጢንዚዛ ቅጠል ቆርጠም ቆርጠም ያደርጋል እንጂ ዛፍ አይገድልም። ጥፋቱ የእጩ ነው፤ ማለትም ክንፍ ገና ያላወጣው የጢንዚዛው ትል። ሴቷ እንቁላሏን በቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። እጩ ከተፈለፈለ በኋላ ቅርፊቱን ሰርስሮ ይገባና ልጡን ይበላል። ዛፍ በቅጠሉ የሠራውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርደው ደግሞ በልጡ በኩል ነው። እጮቹ ሲበዙ የሚቆፍሩት ጠመዝማዛ መንገድ እርስ በርሱ ይገናኝና ግንዱን ዙሪያውን ይቆርጠዋል። ሥሩ ምግብ ያጣል። ዛፉ ከላይ መድረቅ ይጀምርና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታል።

ክፋቱ፣ ይህ ሁሉ ከቅርፊት ስር የሚሆን መሆኑ ነው። የዛፉ ጫፍ ሲሳሳ ባለቤቱ ያያል፤ ያኔ ግን እጮቹ ውስጥ ከገቡ ቆይተዋል።

ከየት መጣ?

አገሩ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ ኮሪያና የሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ነው። እዚያ ያሉት የአሽ ዝርያዎች ከጢንዚዛው ጋር አብረው ስለኖሩ ይቋቋሙታል። ጤነኛውን ዛፍ እምብዛም አይደፍረውም፤ የሚበረታው በተጎዳው ላይ ነው። የሰሜን አሜሪካ አሾች ግን አያውቁትም። ጤነኛውንም ደካማውንም እኩል ይጥለዋል።

በአሜሪካ ምንነቱ የታወቀው በ2002 ሚሺጋን ውስጥ በዲትሮይት አካባቢ ነው። በዚያው ዓመት ከወንዙ ማዶ በካናዳዋ ዊንዘርም ተገኘ። በ1990ዎቹ ውስጥ በጭነት ማሸጊያ እንጨት ተደብቆ እንደገባ ይታመናል። በ2003 ሜሪላንድና ቨርጂኒያ፣ በ2009 ሚኒሶታ ሴንት ፖል፣ በ2013 ኮሎራዶ ቦልደር፣ በ2022 ደግሞ ኦሪገን ደረሰ። ያን ያህል መንገድ የሄደው በክንፉ ብቻ አይደለም። ሰው በመኪናው ጭኖ ነው ያዳረሰው። ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ከተሞች ቀደም ሲል የመንገድ ዳር ኤልም ዛፎቻቸውን በበሽታ አጥተው ነበር። በምትኩ በብዛት የተከሉት አሽን ነው። አንዱን በአንድ ዓይነት ዛፍ የተሞላ መንገድ በሌላ አንድ ዓይነት ዛፍ ተኩ ማለት ነው። ጢንዚዛው ሲመጣ ማዕዱ ተዘርግቶ ጠበቀው። በ2017 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አምስት የሰሜን አሜሪካ የአሽ ዝርያዎችን ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል መደባቸው። ከእነሱ አንዱ ጥቁር አሽ ነው። ነባሮቹ የአሜሪካ ሕዝቦች ከትውልድ ትውልድ ቅርጫት የሚሠሩበት እንጨት ነው። የሚጠፋው ጥላ ብቻ አይደለም።

ተርቧስ ማን ናት?

ቴትራስቲከስ ፕላኒፔኒሲ ትባላለች። የጋራ ስም አልወጣላትም። ሴቷ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ትረዝማለች፤ ወንዱ ከዚያ ያንሳል። ጥቁር ናት። ተርብ ሲባል ቤት ጣሪያ ስር ጎጆ የሚሠራውን ቢጫና ጥቁር ዥንጉርጉር የምታስቡ ከሆነ እሱን እርሱት። ይህችን እጃችሁ ላይ ብታርፍ ክንፍ ያወጣች ትንሽ ጉንዳን ነው የምትመስላችሁ።

ተመራማሪዎች ጢንዚዛው አሜሪካ ውስጥ እንደተገኘ ወደ አገሩ ሄደው «እዚያ ማን ነው የሚቆጣጠረው?» ብለው ፈለጉ። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በጂሊንና በሊያኦኒንግ ግዛቶች የአሽ ቅርፊት ሲልጡ ይህችን ተርብ ከእጮቹ ጋር አገኟት። በ2006 ያንግ ጆንግቺ የተባሉት ቻይናዊ የነፍሳት ሊቅ ለሳይንስ አዲስ ዝርያ አድርገው ስም ሰጧት። በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅም ትገኛለች።

እጩ ከቅርፊት ስር ተደብቆ ሳለ እንዴት ታገኘዋለች?

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይህ ክፍል ነው። ተርቧ እጩን አታየውም። ቅርፊቱ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ትመላለሳለች። እጩ ሲበላና ሲንቀሳቀስ እንጨቱ በጣም ትንሽ ይነዝራል። እሷ ያን ንዝረት ትሰማዋለች። ሕያው፣ የሚንቀሳቀስ እጭ ነው የምትፈልገው፤ የሞተ አይጠቅማትም። ከዚያ እንቁላል የምትጥልበትን ቀጭን መርፌ በቅርፊቱ ውስጥ አሳልፋ እጩን ትወጋዋለች። እንቁላሎቿን የምታስቀምጠው በእጩ ሰውነት ውስጥ ነው።

የመርፌዋ ርዝመት በአማካይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። የዚህ ጉዳይ ቁልፍ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ እጩ ምን ይሆናል?

ወዲያው አይሞትም። ለተወሰኑ ቀናት ምንም እንዳልተነካ ሁሉ መብላቱን ይቀጥላል። በውስጡ ግን የተርቧ ልጆች እየበሉት ያድጋሉ። ከአንድ እጭ የሚወጡት ተርቦች በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው፤ እጩ ትልቅ ከሆነ ከመቶ በላይ የሚሆኑበት ጊዜም አለ። በመጨረሻ ከእጩ የሚቀረው ባዶ ቆዳ ነው።

ልጆቹ ጠግበው ሲወጡ ጢንዚዛው በቆፈረው መንገድ ውስጥ እዚያው ይቀመጣሉ፤ ክንፍ አውጥተው ተርብ የሚሆኑትም እዚያው ነው። ከዚያ ቅርፊቱን በጥርሳቸው ቀደው ይወጣሉ። ሞቅ ባለ ወቅት ከእንቁላል እስከ ተርብ አራት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ትውልድ ትተካለች። ጢንዚዛው ግን አንድ ትውልድ ለመተካት አንድ ዓመት፣ በቀዝቃዛ አገር ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። በመራባት ፍጥነት ትበልጠዋለች ማለት ነው። ከልጆቿም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ለጢንዚዛው መጥፎ ዜና ነው፤ ምክንያቱም የሚወጉት ሴቶቹ ብቻ ናቸው።

ክረምቱን የምታሳልፈው በእጭነት፣ ከቅርፊቱ ስር ሆና ነው።

ሰው ትነድፋለች?

አትነድፍም። ልጆቻችሁንም ውሻችሁንም አትነካም። መርፌዋ የተሠራው ለእጩ ነው። ቤት ውስጥ አትገባም፣ ጎጆ አትሠራም፣ ምግብ ላይ አትሰፍርም።

ከሌላ አገር ነፍሳት አምጥቶ መልቀቅ አደገኛ አይደለም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚፈራ ሰው በቂ ምክንያት አለው። አውስትራሊያ በ1935 የሸንኮራ አገዳ ጢንዚዛን ይበላል ብላ ከሃዋይ እንቁራሪት አስገባች። እንቁራሪቱ ጢንዚዛውን ትቶ ያገኘውን ሁሉ እየበላ ተዛመተ። መርዛማ ስለሆነ የሚበሉትን የአገሩን እንስሳት ገደለ። እስከ ዛሬ አልቻሉትም። ያ የሆነው ያገኘውን የሚበላ እንስሳ ያለ በቂ ጥናት ስለተለቀቀ ነው።

ይህች ተርብ ግን በልታ የምታድረው በአንድ ነገር፣ በዚህ ጢንዚዛ እጭ ነው። ከመለቀቋ በፊት በዝግ ላቦራቶሪ ውስጥ ሌሎች እንጨት ሰርሳሪ እጮችን፣ የዚሁ ጢንዚዛ ዘመዶችን ጭምር አቅርበውላት ነበር። አልወጋቻቸውም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አውጥቶ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ካደረገ በኋላ በ2007 ፈቀደ። የመጀመሪያው የተለቀቀውም በዚያው ዓመት ሚሺጋን ውስጥ ነው።

ምንም ስጋት የለውም ብዬ አልከራከርም። አንዴ የተለቀቀ ነፍሳት ተመልሶ አይሰበሰብም። ግን ሚዛኑን ሳየው ፍርዴ ግልጽ ነው። በአንድ በኩል የአንድ ጢንዚዛ እጭ ብቻ የምታጠቃ ተርብ አለች። በሌላ በኩል በየጫካው የሚያልቅ ዛፍ አለ። መልቀቁ ትክክል ነበር።

የተለቀቀችው እሷ ብቻ ናት?

አይደለችም። በ2007 ሦስት ዝርያዎች ተፈቀዱ። አንዷ ኦኦቢየስ አግሪሊ ናት፤ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሆና የጢንዚዛውን እንቁላል ታጠቃለች። ሌላዋ ስፓቲየስ አግሪሊ ናት፤ ሰሜኑ አልተስማማትም። በ2015 ከሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ የመጣች ስፓቲየስ ጋሊኔ ተጨመረች። የእሷ መርፌ ረዘም ያለ ነው፤ ስለዚህ ወፈር ያለ ቅርፊትም ትበሳለች።

የአገሩ ነባር ረዳቶችም አሉ። ከሁሉም በላይ ግንደ ቆርቁር። ክረምት ላይ ቅርፊቱን እየላጠ እጮቹን ለቅሞ ይበላል። አሽ ግንድ ላይ ነጣ ያለ የተላጠ ቦታ ካያችሁ ግንደ ቆርቁር ሠርቶበታል፤ ውስጡ እጭ አለ ማለት ነው።

እየሠራ ነው?

መልሱ የሚለያየው እንደ ቦታው ነው።

ሚሺጋን ውስጥ መጀመሪያ የተለቀቀችባቸው ጫካዎች ላይ ተመራማሪዎች በየዓመቱ ዛፍ እየላጡ ቆጥረዋል። መጀመሪያ ላይ ተርቧ የያዘችው ከመቶ እጭ አንድ ያህል ነበር። በ2012 ቁጥሩ 21 በመቶ ደረሰ። በዚያ ዓመት ከተመረመሩት ዛፎች 92 በመቶው የተርቧ ልጆች ተገኙባቸው። ሳትለቀቅ ለማነጻጸሪያ በተተዉት ጫካዎችም በራሷ በርራ ገብታ ነበር። እስከ 2014 ባለው ጊዜ በእነዚያ ጫካዎች በሕይወት ባሉ ዛፎች ላይ ያለው የጢንዚዛ ብዛት 90 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ለዚህ ግንደ ቆርቁርም ድርሻ አለው፤ ትልልቆቹ ዛፎች ሞተው ማለቃቸውም እንዲሁ። ጢንዚዛው የሚበላው አጣ። ግን በተረፉት ለጋ ዛፎች ላይ ተመልሶ እንዳያብብ ከያዙት አንዷ ይህች ተርብ ናት።

ደቡብ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ሞቃት በሆኑት ግዛቶች ጢንዚዛው እድገቱን በአንድ ዓመት ይጨርሳል፤ ሁሉም እኩል ያድጋሉ። ተርቧ በጸደይ ስትወጣ ከቅርፊቱ ስር ለእሷ የሚሆን እጭ የለም። ሁሉም ተለውጠው ለመውጣት እየተዘጋጁ ነው። የሚወጋ ስታጣ ትሞታለች። ለዚህ ነው ወደ ደቡብ በተሄደ ቁጥር መላመዷ የሚዳከመው።

ታዲያ ጓሮዬ ያለው ትልቅ አሽ ይድንልኛል?

በተርቧ? አይድንም። ይህን ቁርጥ አድርጎ መናገር ይሻላል፤ ብዙ ሰው በዚህ ተስፋ ጊዜውን አቃጥሏል።

ያን ቁጥር አስታውሱ። መርፌዋ በአማካይ ከ2.5 ሚሊ ሜትር አይዘልም። የትልቅ አሽ ግንድ ቅርፊት ከዚያ በጣም ይወፍራል። ቅርፊቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ ሲያልፍ እጩ ጋ መድረስ አትችልም። በተግባር ደህና አድርጋ የምትጠብቃቸው ግንዳቸው ከ12 ሳንቲ ሜትር በታች ውፍረት ያላቸውን ዛፎች ነው። ትልቁ ዛፍ ውስጥ እጩ ተዝናንቶ ይኖራል።

እና ለምን ተለቀቀች? ለሚቀጥለው ትውልድ ነው። ትልልቆቹ አሾች ሲሞቱ ከስራቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ችግኞችና ለጋ ዛፎች ይቀራሉ። ጢንዚዛው እነሱንም አውራ ጣት ያህል ከወፈሩበት ጊዜ ጀምሮ ያጠቃል። የሚከላከልላቸው ካልተገኘ ዘር ለመስጠት ሳይደርሱ ያልቃሉ። ተርቧ የምትሠራው ልክ እዚህ ዕድሜ ላይ ነው። ወፈር ሲሉ ደግሞ መርፌ ረዥሟ ስፓቲየስ ጋሊኔ ትረከባለች የሚል ነው ተስፋው።

ስለዚህ አሽ የነበረበት ሰፊ ግቢ ወይም እርሻ ያላችሁ ሰዎች፣ ትልቁ ሞተ ብላችሁ ከስሩ የበቀሉትን ለጋዎች አትመንጥሩ። እባካችሁ ተዉአቸው። ተርቧ የምትኖረው በእነሱ ላይ ነው፤ አሽም ወደፊት የሚኖረው በእነሱ ነው።

ትልቁን ዛፌን ለማዳን ምን ላድርግ?

መድኃኒት አለ። ኢማሜክቲን ቤንዞኤት የሚባለው በግንዱ ውስጥ በመርፌ ይሰጣል። አንዴ ከተሰጠ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴ ሦስት ዓመት ይከላከላል። ከዚያ መደገም አለበት። ፈቃድ ያለው የዛፍ ባለሙያ ጠርታችሁ አሠሩ። የዛፉ አናት ሲሦው ከደረቀ በኋላ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ መድኃኒቱን ወደ ላይ የሚያደርሰው ሥርዓት ራሱ ተበጣጥሷል።

የሞተ አሽ በፍጥነት ይሰባበራል። ቅርንጫፉ ሳይታሰብ ይወርዳል። ቤትና መኪና አጠገብ ካለ አታቆዩት፤ ራሳችሁም መጥረቢያ ይዛችሁ አትውጡበት።

መድኃኒቱ ተርቧን አይጎዳም?

በተወጋው ዛፍ ውስጥ እጭ ስለማይኖር ተርቧም እዚያ ሥራ የላትም። ብዙ ቦታ ሁለቱን አብረው ይጠቀማሉ። ትልልቆቹን ዛፎች በመድኃኒት ያቆያሉ፤ ዙሪያው ባለው ጫካ ደግሞ ተርቦቹን ይለቃሉ። እኔም የማምነው በዚህ መንገድ ነው።

ተርቧን ገዝቼ ጓሮዬ መልቀቅ እችላለሁ?

አትሸጥም። የምትራባው ሚሺጋን ብራይተን ውስጥ በ2009 በተከፈተው የፌዴራል ማራቢያ ጣቢያ ነው። ከዚያ ለግዛቶች፣ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለደን መሥሪያ ቤቶች በነጻ ትላካለች። እነሱ ቦታ መርጠው ይለቃሉ። የሚፈለገው ሰፊ ጫካ ነው፤ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው አሾች ያሉበት፣ ጢንዚዛው የገባበት ግን ገና ያልጨረሰው፣ ለጥቂት ዓመታት የማይቆረጥና መድኃኒት የማይረጭበት። አንድ ሁለት ዛፍ ያለበት ጓሮ ለዚህ አይሆንም።

አለቃቀቁ ቀላል ነው። የተርቧ ልጆች ያሉባቸው አጫጭር የአሽ ጉማጆች ይመጣሉ። በዛፎች ላይ ይንጠለጠላሉ። ተርቦቹ ጊዜያቸው ሲደርስ ራሳቸው ወጥተው ይሄዳሉ። ካናዳም ከ2013 ጀምሮ ተርቧን እየለቀቀች ነው።

እኔ ማድረግ የምችለው ነገር አለ?

አለ፣ ትልቅ ነገር። የማገዶ እንጨት ከቦታ ቦታ አታጓጉዙ። ለሽርሽር ስትወጡ፣ ለደመራ እንጨት ስትሰበስቡ፣ ለበዓል ግቢ ውስጥ ሥጋ ስትጠብሱ እንጨቱን እዚያው አካባቢ ግዙ። ጢንዚዛው ከግዛት ግዛት የተዛመተው አንዱ መንገድ በሰው መኪና ላይ በተጫነ ማገዶ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ በአሽ እንጨት ላይ ጥሎት የነበረውን የዝውውር እገዳ በጥር 2021 አንስቷል፤ ጢንዚዛው በጣም ስለተስፋፋ አቅሙን ወደ ተርቦቹ ማራባት አዞረ። እገዳው ተነሳ ማለት ግን ጉዳቱ ቀረ ማለት አይደለም። የግዛት ሕግ ያለበትም ቦታ አለ።

አዲስ ዛፍ ስትተክሉ ደግሞ ጎረቤታችሁ የተከለውን ያንኑ አትድገሙ። አደባልቁ።

ኢትዮጵያን ይመለከታል?

በቀጥታ አይደለም። ግን አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። አሽና ወይራ የአንድ ቤተሰብ ዛፎች ናቸው። ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ውስጥ የዚህን ጢንዚዛ እጭ በተቆረጠ የእርሻ ወይራ ግንድ ላይ አሳድገው እስከ ጢንዚዛነት ማድረስ ችለዋል። ይህ ላቦራቶሪ ውስጥ የሆነ ነው፤ ሜዳ ላይ ያለ ዛፍን ያጠቃል ማለት አይደለም። የእኛ የአገር ቤቱ ወይራም የዚያው የእርሻ ወይራ የቅርብ ዘመድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያሉ ጥንታዊ ወይራዎችን ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

ስለዚህ ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ዕቃ በኮንቴይነር የምትልኩ ሰዎች፣ የምትጠቀሙበት የእንጨት ሳጥንና ፓሌት ማኅተም እንዳለው ተመልከቱ። ዓለም አቀፉ ደንብ የማሸጊያ እንጨት እስከ መሐሉ ድረስ ቢያንስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ እንዲሞቅ ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ እንዲታከም ያዝዛል። ማኅተሙ ላይ የስንዴ ዛላ ሥዕልና የአገሩ ምልክት አለ። ከጓሮ በተቆረጠ ጥሬ እንጨት ዕቃ አታሽጉ።

ጢንዚዛውንና ተርቧን በምን እለያቸዋለሁ?

በቀዳዳቸው። ጢንዚዛው ሲወጣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በአንድ በኩል ቀጥ ብሎ በሌላው የጎበጠ፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል «ዲ» የሚመስል ቀዳዳ ይተዋል። የተርቧ ቀዳዳ ክብና በጣም ትንሽ ነው፤ ልብ ብሎ ያላየ ያልፈዋል። የደረቀ ለጋ አሽ ስትቆርጡ ቅርፊቱን ላጥ አድርጋችሁ እዩ። አንድ ዘለግ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ነጭ ትል ካገኛችሁ የጢንዚዛው እጭ ነው። በቆፈረው መንገድ ውስጥ ተጠጋግተው የተኙ ብዙ ትንንሽ ነጫጭ እጮች ካገኛችሁ ግን የተርቧ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። እንጨቱን አታቃጥሉት። ፎቶ አንስታችሁ ለግዛታችሁ የደን ወይም የግብርና መሥሪያ ቤት ላኩ። ተርቧ የት እንደደረሰች የሚከታተሉ ሰዎች እንዲህ ያለ መረጃ ይፈልጋሉ።